ሰንጢ ጩቤ አይደለችም

ሰሞኑን በተማሪው መካከል ስለ ስለት የሚነገረው ነገር በሁለት ወገን የተከፈለ ሆኖ አግኝተነዋል። አንደኛው ወገን፣ «ተማሪ በኪሱ ስለት ይዞ መሄዱ የኋላ ቀርነት ምልክት ነውና ፈጽሞ ይከልከል» ይላል። ሁለተኛው ወገን፣ «ጊዜው ክፉ ነውና ሁሉም ራሱን የሚያድንበት ነገር በኪሱ ይያዝ» ይላል። እኛ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ በየቀኑ እየተመላለስን የምንማር ተማሪዎች ግን ከሁለቱም ጋር ለመስማማት አልቻልንም። ሁለቱ ወገኖች እርስ በርሳቸው የሚከራከሩ ይምሰሉ እንጂ በዋናው ነገር አንድ ናቸው፤ ሁለቱም በኪሳችን ያለችውን ሰንጢ የጦር መሣሪያ አድርገው ቈጥረዋታል። አንዱ መሣሪያ ናት ብሎ ይፈራታል፤ ሌላው መሣሪያ ናት ብሎ ይመካባታል። እኛ ደግሞ ሰንጢ የሥራ ዕቃ ናት እንላለን። የሥራ ዕቃ ከሆነች የሚፈራትም የሚመካባትም ተሳስቷል፤ ይህንንም በሚከተሉት መስመሮች ለማስረዳት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ ስለ ምን እንደምንናገር እንወቅ። ቋንቋችን ስለት ላለው ነገር ሁሉ አንድ ስም ብቻ ሰጥቶ አልተወም። በማጀት ሽንኩርትና ሥጋ የሚከተፍበት ቢላዋ ነው፤ ከብት የሚታረድበት ካራ ነው፤ ጫፉ ሾሎ፣ በአፎት ተከቶ በወገብ የሚታጠቁት ጩቤ ነው። ሰንጢ ከእነዚህ ሁሉ የተለየች ናት። ስለቷ በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ ሥራዋን ስትጨርስ ታጥፋ በገዛ እጀታዋ ውስጥ ትተኛለች። እኛ የምንይዛት ዓይነት ደግሞ ስትከፈት የሚቈልፋት ነገር የላትም። በእጀታዋ ጀርባ በኩል አንድ ቀጭን የብረት ሞላ አለ፤ ሞላው የስለቱን ሥር ተጭኖ ይይዘዋል። በስለቱ ጐን ያለችውን ጭረት በጥፍር ይዘው ሲስቡ ሞላው እሺ ይላል፤ ስለቱ እስከ መጨረሻው ሲደርስ ቀጭ ብሎ ይቆማል። ሲያጥፉትም እንደዚያው ነው።

እንግዲህ ይህች ዕቃ ተከፍታ የምትቆመው በሞላው ግፊት ብቻ ስለሆነ፣ አንድን ነገር ወደ ታች ተጭነው ሲቈርጡባት ትጸናለች፤ በጫፏ ሊወጉባት ቢሞክሩ ግን ተመልሳ በያዣዋ ጣት ላይ ልትታጠፍ ትችላለች። ሠሪዋ ለመቍረጥ እንጂ ለመውጋት እንዳላሰባት ከአሠራሯ ይታወቃል። ይህን ለማየት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ አንድ ጊዜ በእጅ ይዞ መክፈትና መዝጋት ይበቃል።

«ታዲያ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ምን የሚቈርጠው ነገር አለውና ነው?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን የሚገኘው በንባብ አዳራሽ ሳይሆን ከአዲስ አበባ በሚወጡት ሦስት መንገዶች ላይ ነው። በጅማ መንገድ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ አሉ። ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. በኦሮሚያ ክልል በተቋቋመው በሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለው ዛሬ ክፍለ ከተማ ይባላሉ። ስማቸው ከተማ ይሁን እንጂ ኑሯቸው ገና ግማሹ ከተማ፣ ግማሹ ገጠር ነው። በሰበታ የፋብሪካው የጭነት መኪናና የገበሬው አህያ በአንድ አስፋልት ይተላለፋሉ። በቡራዩ፣ ለአዲስ አበባ ውኃ ከሚያጠራቅመው ከገፈርሳ ግድብ አጠገብ፣ አዲስ በተሠራ ቤት አጥር ሥር ከብት ይግጣል። በሱሉልታ ሜዳ ጧት ጧት ሯጮች ሲለማመዱ ይታያሉ፤ ክረምት ሲያልፍ በዚያው አካባቢ ሣሩ ይታጨድና ደርቆ፣ ድርቆሽ ሆኖ፣ ለአዲስ አበባ ከብት አርቢዎች ይሸጣል።

በዚህ ዓይነት ቦታ የሚያድር ተማሪ ወደ ትምህርቱ ከመሄዱ በፊት የሚሠራው ሥራ አለው። ድርቆሹ የታሰረበትን ሲባጎ ይቈርጣል። ለላሚቱ የመጣውን የፉርሽካ ጆንያ አፍ ይፈታል። የተቀደደውን የውኃ ጎማ ጫፉን ቈርጦ መልሶ ይሰካዋል። ለአጥር የመጣውን የባሕር ዛፍ ልጥ ይልጣል። መንገድ ሲጀምር ከአንድ ቀንበጥ ላይ መፋቂያ ያሾላል። ቀን ላይ እርሳሱን ይቀርጻል፤ ማታ ሲመለስ ለታናናሾቹ ብርቱካን ወይም ሸንኮራ ይልጣል። በበዓል ሰሞን ጎረቤቱ ተሰብስቦ ቅርጫ ሲገባ፣ በሬውን የሚጥሉትና የሚያርዱት ትልልቆቹ ካራቸውን ይዘው ነው፤ ልጁ ግን መደቡ ሲደለደል ጅማቱን ለመለየትና ሥጋው የሚንጠለጠልበትን ገመድ ለመቍረጥ ሰንጢውን ያወጣል። ይህ ሁሉ ተአምር አይደለም፤ የዕለት ኑሮ ነው። ለእያንዳንዱም ሥራ ወደ ማጀት እየሮጡ የእናትን ቢላዋ መለመን ስለማይቻል ሰንጢዋ ከቁልፍና ከመታወቂያ ጋር ኪስ ውስጥ ትውላለች።

ለሥነ ጽሑፍና ለታሪክ ተማሪዎች ደግሞ ሌላም ነገር እናስታውስ። የአገራችን ብራና ጸሐፊ የመቃ ብዕሩን ጫፍ የሚጠርበው በስለት ነው። በብራናው ላይ ስሕተት ሲገኝ ቀለሙን ፍቆ የሚያርመውም በስለት ነው። በየገዳማቱና በየአድባራቱ ያሉት፣ እኛም ለጥናታችን የምንመረምራቸው መጻሕፍት ሁሉ፣ ከፍየሏ መታረድ ጀምሮ እስከ መጨረሻው እርማት ድረስ ስለት የነካቸው ናቸው። የአውሮፓ ጸሐፊዎችም የላባ ብዕራቸውን የሚያሾሉት በትንሽ ቢላ ስለነበረ እንግሊዞች እስከ ዛሬ ትንሿን የኪስ ቢላ «የብዕር ቢላ» ብለው ይጠሯታል። በእኛም ቋንቋ እርሳስ ማሾልን፣ በእንጨትና በድንጋይ ላይ ምስል ማውጣትን፣ ድምፅን በመሣሪያ ማስቀረትን ሁሉ «መቅረጽ» በሚል አንድ ግስ እንናገራለን። እንግዲህ ስለትን ከብዕር ጋር ማጣላት የጀመረው የእኛ ዘመን ነው እንጂ አባቶቻችን ሁለቱን በአንድ ከረጢት ይይዟቸው ነበር።

አሁን ወደ ችግሩ እንግባ። ወደ ከተማ ስንገባ በመንገድ ላይ ፍተሻ የሚያጋጥመን ጊዜ አለ፤ በልዩ ልዩ በሮችም እንፈተሻለን። ፍተሻን በመሠረቱ አንቃወምም፤ ምክንያቱን ዝቅ ብለን እንናገራለን። የምንቃወመው ፍተሻው የሚያገኘውን ዕቃ ሁሉ በአንድ ዓይን ማየቱን ነው። ከመካከላችን አንዱ በአንድ በር ላይ ያጋጠመው የሚከተለው ነበር።

«ይኼ ምንድን ነው ልጄ?» አሉ ጠባቂው።

«ሰንጢ ናት ጋሼ።»

«ለምን ያዝካት?»

«ለሥራ ነው።»

«የምን ሥራ? አንተ ተማሪ አይደለህም እንዴ?»

ንግግሩ በዚሁ አበቃ። ሰንጢዋ ከሌሎች መሰሎቿ ጋር በካርቶን ውስጥ ተጣለች፤ ማታ ሲመለስ ካርቶኑም ጠባቂውም በቦታው አልነበሩም። ዕቃዋ ከሱቅ በደረቴ ነጋዴ በጥቂት ብር የምትገዛ ናትና ስለ ዋጋዋ አናለቅስም። እኛን ያሳሰበን የመጨረሻው ጥያቄ ነው። «አንተ ተማሪ አይደለህም እንዴ?» የሚለው ቃል፣ ተማሪ ከሆንክ በእጅህ የምትሠራው ሥራ የለህም፣ በእጅህ የምትሠራው ሥራ ከሌለህ ደግሞ ስለት የያዝከው ለክፋት ነው የሚል ፍርድ በውስጡ ይዟል። ጠባቂው ይህን ፍርድ ከራሳቸው አላፈለቁትም፤ ከእኛው ከተማርነው ተምረውት ነው። በአገራችን የተማረ ሰው እጁ ለስላሳ መሆን አለበት የሚል ያልተጻፈ ሕግ አለ። ተማሪው ራሱ ወደ መኖሪያው ሲመለስ ላም እንደሚያልብ፣ አጥር እንደሚያጥር ለጓደኛው መናገር ያፍራል። ከሱሉልታ የመጣው «ከአዲስ አበባ ነኝ» ይላል፤ ከሰበታ የመጣውም እንደዚሁ። ይህ ኀፍረት ካልተወገደ በቀር ሰንጢ በተማሪ ኪስ ስትገኝ የወንጀል ማስረጃ መስላ መታየቷ አይቀርም።

የእጅ ሥራ ንቀት አዲስ በሽታ አይደለም። ስለቱን ቀጥቅጦ የሚሠራው ሰው ራሱ ለብዙ ዘመን «ጠይብ» እየተባለ ሲሰደብ፣ «ቡዳ» እየተባለ ሲፈራ ኖሯል። ገበሬው ማረሻውን፣ ወታደሩ ጦሩን፣ እመቤቲቱ ቢላዋዋን ከእሱ ትገዛለች፤ ነገር ግን ልጇን አትድርለትም ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የእጅ ሠራተኛን መሳደብ በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። አዋጁ ስድቡን ከአደባባይ አስወጥቶት ይሆናል፤ ንቀቱን ግን ከልብ አላስወጣውም። ዛሬ ሠሪውን በግልጽ ባንሰድብም የሠራውን ዕቃ በተማሪ ኪስ ስናገኝ እንደነግጣለን።

ይህን ስንል ጠባቂውን ለመውቀስ ብቻ የተነሣን እንዳይመስል፣ ፍርሃቱ ከምን እንደመጣ ሳንሸሽግ እንናገር። በመስከረም 2011 ዓ.ም. መጀመሪያ በቡራዩና በአካባቢዋ ሰዎች በማንነታቸው ምክንያት በገዛ መንደራቸው ተገደሉ፤ ብዙዎች ተፈናቀሉ። ከሟቾቹና ከተፈናቃዮቹ መካከል ብዙዎቹ በሽመና ሥራ ይተዳደሩ የነበሩ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። ስለትም ከገዳዮቹ መሣሪያዎች አንዱ ነበረ። ያን ቀን ያየ ሰው፣ ወይም ያን ቀን ካየ ሰው የሰማ፣ የታጠፈች ሰንጢ ሲያይ ቢደነግጥ ልንፈርድበት አይገባም። እኛ የቡራዩ ልጆች ያን ጊዜ ገና ሕፃናት ነበርን፤ ቤታችን ግን እዚያው ነበረ፤ አሁንም እዚያው ነው። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያም በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ የተማሪ ደም ፈሷል። ስለዚህ በር ላይ የሚቆመው ሰው ኪስ መፈተሹ ያለ ምክንያት አይደለም።

ነገር ግን ከዚያው ከመስከረም 2011 ዓ.ም. ሌላ ነገርም እንማር። የቡራዩ ወሬ አርባ ምንጭ በደረሰ ጊዜ ወጣቱ ለበቀል ተነሣ። የጋሞ አባቶች ግን እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ከወጣቱ ፊት ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ተመለሰ። እነዚያ አባቶች ከወጣቱ እጅ ብረት አልነጠቁም፤ የወጣቱን ልብ ነው የመለሱት። በቡራዩ የጠፋውም ልብ ነበረ። ቢላዋ በማግሥቱም በየማጀቱ ነበረ፤ ዛሬም አለ፤ ሽንኩርት ይከትፋል።

በዚህ ነገር የሌላው ዓለም ትምህርት ይጠቅመናል። በጃፓን አገር የተማሪ ቤት ልጆች እርሳሳቸውን የሚቀርጹባት ሂጎኖካሚ የምትባል ተጣጣፊ ቢላ ነበረች። እርሷም እንደኛዋ የማትቈለፍ፣ ዋጋዋ ትንሽ የሆነ፣ በእያንዳንዱ ልጅ ኪስ የምትገኝ ነበረች። በጥቅምት 1953 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1960፣ የሶሻሊስት ፓርቲው መሪ ኢኔጂሮ አሳኑማ በአዳራሽ ንግግር ሲያደርጉ አንድ የ17 ዓመት ልጅ መድረኩ ላይ ዘሎ ወጥቶ ወግቶ ገደላቸው። የገደለባቸው በአጭር ሰይፍ ነው። ሆኖም ከዚያ በኋላ ከልጆች እጅ ስለት ይወገድ የሚል ዘመቻ በአገሪቱ ተነሣና ሂጎኖካሚም ከተማሪው ኪስ እየጠፋች ሄደች፤ ከሠሪዎቿም ብዙዎቹ ከሥራ ወጡ። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለው የእኛ ምሳሌ ለዚህ የተነገረ ይመስላል። ሰይፉ ገደለ፤ እርሳስ መቅረጫዋ ተቀጣች። ልጁን ለግድያ ያነሣሣው የጥላቻ ትምህርት ግን በኪስ ፍተሻ የሚገኝ አልነበረም።

እንግሊዞች ደግሞ በሌላ መንገድ ሄደዋል። እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጡት ሕግ በአደባባይ ስለት ይዞ መገኘትን ያለ በቂ ምክንያት ይከለክላል፤ ሆኖም ስለቷ ከ3 ኢንች የማይበልጥ ተጣጣፊ የኪስ ቢላን ከክልከላው ውጭ አድርጓታል። ይህም ወደ 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። በ1993 ደግሞ ፍርድ ቤት፣ ስትከፈት የምትቈለፍ ቢላ በዚህ ፈቃድ ውስጥ አትገባም ሲል ወሰነ። በ1953 የወጣው የቀድሞ ሕጋቸው እንደሚለው ደግሞ የተፈቀደችው ቢላ እንኳ ሰውን ለመጉዳት ታስባ ከተያዘች ያዡ ያስጠይቀዋል። በእንግሊዝ አገር በስለት የሚፈጸም ወንጀል የለም ማለታችን አይደለም፤ አለ፤ በየጋዜጣቸውም ያለቅሱበታል። እኛ ልናስተውለው የሚገባን ሕጉ የተከተለውን አስተሳሰብ ነው። ሕጉ ሦስት ጥያቄ ይጠይቃል፦ ርዝመቷ ስንት ነው? ትቈለፋለች ወይስ አትቈለፍም? ያዡ ምን አስቦ ይዟታል? ጥያቄዎቹ በደጅ ላይ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሊመለሱ የሚችሉ ናቸው። በእኛ በር ላይ ግን የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ እርሱም «ስለት ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው ነው።

«ሰንጢ» የሚለው ስም ራሱ መጥፎ ዝና እንዳለው እናውቃለን። በአዲስ አበባ ሰንጢ ሲባል የሰፈር ዱርዬና የሌሊት ቀማኛ ይታሰባል። ቀማኛው የሚመርጣት ግን አብዛኛውን ጊዜ ቁልፏን ሲጫኗት ዘላ የምትወጣውን፣ ወይም ተከፍታ የምትቈለፈውን ናት። እንደዚህ ያለችው ዕቃ ድርቆሽ ለመፍታት በአንድ እጅ በቅጽበት መከፈት አያስፈልጋትም፤ መቸኰሏ ለሌላ ነገር ነው። ይህችን ለመከላከል አንድ መስመር አንጽፍም። ከእኛ መካከል እንዲህ ያለች የያዘ ቢኖር ዛሬውኑ ይጣላት።

አሁን ደግሞ ወደ ሁለተኛው ወገን፣ «ራሳችንን እንከላከልባት» ወደሚሉት ጓደኞቻችን እንመለስ። ይህን ሐሳብ የሚያቀርቡት በክፋት እንዳልሆነ እናውቃለን። ከታክሲ ወርደው በመሸ ሰዓት መብራት የሌለው መንገድ የሚያቋርጡ እኅቶች አሉን፤ ፍርሃታቸው እውነተኛ ነው። ነገር ግን ከዚህ በላይ እንደገለጽነው የማትቈለፍ ሰንጢ ለመውጊያነት አትሆንም፤ የያዣዋን ጣት ትቈርጣለች። ለመክፈትም ሁለት እጅና ጊዜ ትጠይቃለች። ጉልበተኛ ያጋጠመው ሰው ሰንጢ ቢያወጣ የሚሆነው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ይነጥቁትና በእሱው ይጠቀሙባታል፤ ወይ ደግሞ በስድብ ያልቅ የነበረው ጠብ በደም ያልቃል። እኅቶቻችንን የሚያድናቸው የመንገድ መብራት፣ አብሮ መሄድና ማታ የማይጠፋ ትራንስፖርት ነው። ማኅበራችን ለዚህ ቢጮህ ከሺህ ሰንጢ ይበልጣል። በፍርሃት የተያዘች ሰንጢ የሥራ ዕቃነቷን በዚያው ሰዓት ትተዋለች። ይዘቷ አልተለወጠም፤ የያዣው ልብ ግን ተለውጧል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሐሳባችንን በሦስት ከፍለን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ለበር ጠባቂዎችና ለሚያዟቸው። በቤተ መጻሕፍት በር ላይ ቦርሳችንን አስረክበን ቁጥር እንቀበላለን፤ ስንወጣ ቁጥሩን መልሰን ቦርሳችንን እንወስዳለን። ለሰንጢም እንዲሁ ይደረግ። ቁጥር የተጻፈባቸው ጥቂት ቆርቆሮዎችና አንድ ቁልፍ ያለው ሣጥን ይበቃሉ። ጧት የሰጠ ማታ ይቀበላል። ይህ ለጠባቂውም ይጠቅማል፤ ዕቃው ተመላሽ መሆኑን የሚያውቅ ተማሪ በካልሲው ውስጥ አይደብቃትም፤ «ጋሼ፣ ይህችን ያስቀምጡልኝ» ብሎ ራሱ ያወጣታል። የሚደበቀውን ለመፈለግ ከመድከም፣ የሚታየውን መመዝገብ ይቀላል።

ሁለተኛ፣ ለማኅበራችን። ማኅበሩ ከግቢው አስተዳደር ጋር ተነጋግሮ አጭርና ግልጽ ደንብ ያስወጣ። ዘላ የምትወጣና የምትቈለፍ ስለት በማንኛውም ቦታ የተከለከለች ትሁን። የማትቈለፍና ስለቷ ከአራት ጣት ስፋት የማይበልጥ ሰንጢ በበሩ ሣጥን እየተቀመጠች ለባለቤቷ ትመለስ። ወደ መኝታ ቤት፣ ወደ ስብሰባ፣ ወደ ኳስ ሜዳና ሕዝብ ወደሚበዛበት በዓል ግን ምንም ዓይነት ስለት አይግባ። በመስቀልም፣ በኢሬቻም፣ በጥምቀትም በዓል ሕዝቡ ስለት ይዞ እንዳይመጣ ሲነገረው ኖሯል፤ ይህንን አንቃወምም። አሥር ሺህ ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ብርቱካን በጥርስ ቢላጥ ምንም አይጎድልም። በተለይ አንድ ነገር ያለ ምሕረት ይጻፍ፦ በጠብ መካከል ሰንጢ ያወጣ ተማሪ፣ ሰው ባይነካባትም እንኳ፣ ማኅበሩ ጠበቃ አይቁምለት።

ሦስተኛ፣ ለራሳችን ለያዦች። ሰንጢ የሥራ ዕቃ ናት ያልነው እውነት ከሆነ ሥራው በላይዋ ይታይባት። ስለቷ ንጹሕ ይሁን፤ ማጠፊያዋ በዘይት ይለስልስ፤ በየጊዜው ትሳል። የዶለዶመ ስለት ከተሳለው የበለጠ ያቈስላል፤ በኃይል ስለሚጫኑት ይንሸራተታልና። ለሰው ስትሰጥ አጥፈህ ስጥ፤ ተከፍታ ከሆነም እጀታዋን ወደ ተቀባዩ አዙር። በንግግር መካከል እየከፈቱና እየዘጉ አይጫወቱባት፤ አንተ ሞላዋን ስታዳምጥ ከጎንህ የተቀመጠው ሰው ስለቷን ነው የሚያየው፤ ምናልባትም ከቡራዩ የሸሸ ሰው ይሆናል። ተቈጥተህ ከቤት በምትወጣበት ቀን እቤት ተዋት። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህቺን አንድ ነገር ያልጠበቀ ሰው፣ ጠባቂው ሲነጥቀው «ለሥራ ነው» የማለት መብት የለውም።

አንዳንዶች ደግሞ፣ «አገሪቱ ስንት ችግር እያለባት ስለ አንዲት የኪስ ቢላ ይህን ያህል ወረቀት ማባከን ምን ይባላል?» ሳይሉን አይቀሩም። ወረቀቱ የተጻፈው ስለ ቢላዋ ብቻ አይደለም። በእኛና በበሩ ጠባቂ መካከል ያለው ነገር መተማመን ነው። ጠባቂው ከእኛ ኪስ የሚወጣውን ዕቃ ሁሉ የግድያ መሣሪያ አድርገው ካሰቡ፣ እኛም ጠባቂውን ሁሉ ቀማኛ አድርገን ካሰብን፣ በሩ ላይ የቆሙት ሁለት ጠላቶች ናቸው ማለት ነው። እሳቸውም ማታ የሚገቡት ወደ ሰበታ ወይም ወደ ቡራዩ ይሆናል፤ በጓሯቸውም አንዲት ላም ትኖር ይሆናል፤ ድርቆሹንም የሚፈቱት በሰንጢ ነው። ሁለት የአንድ ሰፈር ሰዎች በበር ላይ ሲገናኙ የማይተዋወቁ መስለው የሚቆሙበት ምክንያት አንዱ መለዮ ስለለበሰ፣ ሌላው ደብተር ስለያዘ ብቻ ከሆነ፣ ይህ ከሰንጢ የሚበልጥ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ በየመንደራችን ሥራ የምንሠራ ተማሪዎች መሆናችንን ከመናገር አንፈር። ከየት እንደመጣህ ሲጠይቁህ ሱሉልታ ከሆነ ሱሉልታ በል፤ ጧት ምን ስትሠራ እንደነበርህ ሲጠይቁህ ድርቆሽ ስፈታ ነበር በል። ማኅበራችን በሚቀጥለው ስብሰባው የሣጥኑንና የቆርቆሮውን ነገር እንዲነጋገርበት በዚህ ጽሑፍ አጥብቀን እንጠይቃለን። ከአንባቢዎቻችን መካከል ሐሳባችንን የሚቃወም ካለ እርሳሱን ቀርጾ ይጻፍልን፤ በሚቀጥለው እትም መልሱን በደስታ እናነባለን።